ሰባቱ የሙሴ ሚሎ አባቶች

ሆሳዕና ላይ ከሞተ ሰው ጋር ሃያ ዓመት የተጣላ ሰው ቢፈለግ ልብስ ሰፊው ጠና ሱጌቦ ነው። በሕይወት ካለ ሰው ጋርማ ማንም ይጣላል፤ ሽማግሌ ይገባል፣ ካሣ ይከፈላል፣ ነገሩ ያልቃል። ሙት ግን አይታረቅም። አያረጅም፣ ፀጉሩ አይረግፍም። ጠና ራሰ በራ ሲሆን፣ ወገቡ የስፌት መኪናው ላይ ጎብጦ ሲቀር፣ ያ ሰውዬ ግን መቃብሩ ውስጥ ሆኖ እንደ ድሮው ረጅምና መልከ መልካም ነበር። ታዲያ በዚህ ያልቀና በምን ሊቀና ነው?

ሰውዬው ሙሴ ሚሎ ይባል ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ነበርና እሱንም እንዲያ አሉት እንጂ ስሙ ሚሎራድ ነው። ከዩጎዝላቪያ፣ ሰርቢያ ከሚሉት አገር መጥቶ ከገበያው በላይ ያለውን የናፍጣ ወፍጮ የተከለ መካኒክ ነበር። ወፍጮውን ተከለ፣ ሀዲይኛ ለመደ፣ ቆጮ በጎመን መብላት ቻለ። በዚህ ቢበቃው ጠና ምን ገዶት! አስናቀችን ወደዳት እንጂ። አስናቀች ደግሞ ጠና በልቡ «የኔ ናት» ብሎ ያኖራት፣ ነገር ግን አፍ አውጥቶ ያልነገራት ልጅ ነበረች። ልብ ውስጥ ያለ ነገር ማንም አይሰማውም፤ ፈረንጁ ግን ሄዶ ነገራት።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ኮቱ ነው። ሙሴ ሚሎ የሙሽራ ኮቱን ሊያሰፋ የመጣው ጠና ዘንድ ነበር። ጠና ትከሻውን ለመለካት በርጩማ ላይ መውጣት ነበረበት፤ ወጣ፣ ለካ፣ ቆረጠ፣ ሰፋ። ልቡ የሚወዳትን ሴት ለሚያገባ ሰው በገዛ እጁ ቁልፍ ተከለለት። ኮቱም አማረ፤ ከተማው በሙሉ «የጠና እጅ ይባረክ» አለ። አይ ጠና! ያ በርጩማ እስከ ዛሬ ያቃጥለዋል።

ሙሴ ሚሎ ባገባ በዓመቱ በትኩሳት ሞተ። «እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ» ይል ስለነበር ካህናቱ ጥቂት ተከራክረው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበሩት። አስናቀች ነፍሰ ጡር ነበረች። ጠና ሐዘኑ እስኪወጣ ጠብቆ ሽማግሌ ላከ፤ በዚህ ጊዜስ አልዘገየም። እሷም እሺ አለች። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማ ነገረችው።

«ታኅሣሥ አሥር ቀን ዳቦዬን አትከልክለኝ» አለችው። «ሲሞት አደራ ብሎኛል። ልጅ ከተወለደ ይህ ቀን ከቤቱ እንዳይጠፋ ብሎኛል።»

አስናቀች ወንጌል የተቀበሉ ቤተሰቦች ልጅ ናት፤ ዝክርም ሻማም የቤቷ ልማድ አልነበረም። ያም ሆኖ በየዓመቱ ታኅሣሥ አሥር ቀን ክብ ዳቦ ትጋግራለች፣ በላዩ መስቀል ትቀርጽበታለች፣ የስንዴ ንፍሮ በማር ታሻለች፣ ሻማ ታበራለች። ዳቦውን ሁለት ሰው ይዞ በክብ ያዞረዋል፣ ከዚያ ይቆርሰዋል። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ አደራ ነው። ጠና ግን በየዓመቱ በዚያ ቀን ክር ሊገዛ ሾኔ ይሄዳል፤ ሆሳዕና ክር የጠፋ ይመስል።

ልጅቱ ተወለደች፤ ጠና ሣራ አላት። መልኳ ቀላ ያለ፣ ዓይኗ የማር ወለላ ነው። ጠና ያንን ዓይን ሲያይ አንጀቱ ይቆስላል፤ ያው ዓይን ቀና ብሎ ሲያየው ደግሞ ይቀልጣል። ሌላ ልጅ እግዜር አልሰጣቸውም። ሣራ በእግሯ መሄድ ስትጀምር ጠና በሬ አርዶ የጎሳውን ሽማግሌዎች ጠራ። ቅቤ ቀቧት፣ መረቋት፣ «ከዛሬ ጀምሮ በጠና ትቆጠራለች» አሉ። በዚያ አገር መቆጠር ቀልድ አይደለም። ሰው የሚታወቀው በአባቶቹ ነው፤ አባቶቹን የማይቆጥር ሰው ከየት በቀለ ይባላል። ጠናም ማታ ማታ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያስቆጥራት ነበር።

«ሣራ የማን?»

«የጠና!»

«ጠና የማን?»

«የሱጌቦ! ሱጌቦ የኤርቲሮ! ኤርቲሮ የላምቤቦ!»

ላምቤቦ ጋ ስትደርስ ታጨበጭባለች፤ የጎሳው ትልቅ ሰው እሱ ነዋ። «አና» ትለዋለች ጠናን፤ በአገሩ ቋንቋ አባቴ ማለት ነው። ያቺን ቃል በሰማ ቁጥር ጠና በሆዱ ወደ መቃብሩ ዞሮ «ሰማህ?» ይላል።

ዘመን ተገለበጠ፣ ደርግ መጣ። ወፍጮው ተወረሰ፣ አስናቀች የምትሄድበት ጸሎት ቤት ታሸገ፣ ጠና የቀበሌ ጥበቃ ካኪ እየሰፋ ዋለ። ሣራም አድጋ አስተማሪ ሆነች፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሞርሲቶ ተመደበች። እዚያ ጴጥሮስ ከሚባል አስተማሪ ጋር ተዋወቀች፤ ተዋደዱ። ይህ ምን ክፋት አለው? ክፋቱ ጴጥሮስ የዳኘ ልጅ መሆኑ ነው። ዳኘ ደግሞ የጠና ጎሳ ሽማግሌ ነው፤ ቅቤውን ከቀቡት አንዱ።

ዳኘ ራሱ መጣ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከዘራውን በጉልበቶቹ መካከል አቆመ።

«ጠና፣ አንተ በሬ አርደህ እኛ ቀብተን ልጃችን አድርገናታል። ልጃችን ከሆነች ለጴጥሮስ እህቱ ናት። እህቱን ያገባ ሰው ከኛ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

አስናቀች ከውስጥ ብቅ አለች። «ጋሼ ዳኘ፣ የወለዳት ሌላ መሆኑን አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው አይደለም እንዴ?»

«ይሁና! እንግዲያው አባቶቿን ቁጠሩልኝ። ሚሎ የማን ልጅ ነው? እሱስ የማን? ሰባት አድርሱልኝና በሬውን እኔው ራሴ እመልሳለሁ፤ ቅባቱም ይፈርሳል። የትም የማትቆጠር ልጅ ግን ከማን ቤት ወጣች ተብላ ትዳራለች?»

አስናቀች ወደ ውስጥ ተመለሰች። ከሚሎ ወዲያ ምን ታውቃለች? ሣራ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ጠና ደግሞ፣ እግዜር ይይለትና፣ ደስ አለው። ልጁ አልቅሳ አልቅሳ ትተወዋለች፣ ከሌላ ጎሳ ሌላ ይመጣል፣ እሷም የጠና እንደሆነች ትቀራለች ብሎ አሰበ። ለሞተ ሰው ብሎ ልጁን የሚሰጥ የት አለ!

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ አሥር ቀን ጠና ሾኔ አልሄደም። ቀበሌው ለሰልፍ የሚሆን ካኪ በአስቸኳይ አዞት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይሰፋ ነበር። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ኃይለመለኮት አንድ ሽበታም ፈረንጅ አስከትሎ መጣ።

«ጋሽ ጠና፣ ኢንጂነር ድራጋን ይባላሉ፤ የጉድጓድ ውሃ የሚቆፍሩት ናቸው» አለ። «መቃብሩን አይተው መጡ። የሙሴ ሚሎን ቤተሰብ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ይላሉ። አጎታቸው እንዳይሆን ጠርጥረዋል።»

ጠና መርፌውን ከጨርቁ ሳያነሳ «አላውቅም» አለ። «ያለ ልጅ ነው የሞተ።»

እንዲህ አለ! በገዛ አፉ! ግን በሩ ክፍት ነበር። ከውስጥ አስናቀችና ሣራ ዳቦውን ይዘው ያዞሩ ነበር፤ ሻማው በርቷል፣ ንፍሮው ቀርቧል። ፈረንጁ ቀና ብሎ አየ። ኮፍያውን አወለቀ። ከቀኝ ትከሻው ጀምሮ አማተበ፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ኃይለመለኮት ደነገጠ፤ የሚለውን እየተቀበለ መተርጎም ያዘ። «በእኛ አገር እያንዳንዱ ቤት አንድ ቀን አለው ይላሉ። ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ፣ የቤቱ ጠባቂ ቅዱስ ቀን። ስማቸው አንድ ሆኖ ቀናቸው የተለያየ ሰዎች ዘመድ አይደሉም። ስማቸውም ቀናቸውም አንድ ከሆነ ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የቤታችን ቀን ዛሬ ነው፤ የቅዱስ ኒኮላ። በዚህ አገር ብቻዬን አከብረዋለሁ ብዬ ነበር ይላሉ።» ከዚያ የራሱን አከለበት፤ «እንደኛ ዝክር መሆኑ ነው መሰለኝ።»

ሣራ ንፍሮ በሳህን ይዛ ወጣች። ፈረንጁ ዓይኗን አየ፣ እጇን ያዘ፣ ሳማት። ጠና የስፌት መኪናውን ፔዳል ረገጠ፤ ክሩ ተበጠሰ።

«የአባቶቹን ስም ያውቃሉ?» አለች ሣራ።

ያውቃል እንጂ! ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። ሚሎራድ የስቴቫን፣ ስቴቫን የዮቫን፣ ዮቫን የፔታር፣ ፔታር የኢልያ፣ ኢልያ የቩክ፣ ቩክ የራዶቫን። ሰባት! የቤተሰቡ መጠሪያ ኮቫቼቪች ነው አለ፤ የቀጥቃጩ ልጆች ማለት ነው። ራዶቫን ከደቡብ ተራሮች በጦርነት ሸሽቶ ሲመጣ ከእጁ በቀር ሀብት ያልነበረው ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ መንደሩ ማረሻውንም የፈረስ ጫማውንም ከእሱ ያገኝ ስለነበር አክብሮ ቦታ ሰጠው፤ ከእሱ የተወለዱት ሁሉ በሙያው ስም ሊጠሩ ወደዱ። ይህን ሁሉ ኃይለመለኮት ተረጎመ። ጠና ግን ከሁሉ ለይቶ የያዘው አንዲት ቃል ነው። ቀጥቃጭ!

በዚያ ዘመን፣ ነውሩ የአገሩ ነውና ልናገረው፣ ማረሻ የሚሠራለትን ሰው ከማዕዱ የሚያርቅ ገበሬ ሞልቶ ነበር። ልጁን ለቀጥቃጭ የሚድር አልነበረም። አብዮቱ በአዋጅ ከልክሏል፤ አዋጅ ግን ሰው ሆድ ውስጥ አይገባም። ጠናም ካኪውን ጥሎ በቀጥታ ወደ ትርፊት ሻይ ቤት ሄደ። ሃያ ዓመት ያቃጠለው ነገር በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሊበርድለት!

«ሰማችሁ?» አለ ቤቱ ሙሉ ሰው ባለበት። «ያ ረጅሙ፣ ያ መልከ መልካሙ፣ ያ ሙሴ ሚሎ ሙሴ ሚሎ የምትሉት! ለካ የቀጥቃጭ ዘር ኖሯል! ስማቸው ራሱ ቀጥቃጭ ነው! አስናቀች እኔን ሰፊውን ትታ የሄደችው ወደ ቀጥቃጭ ነው!»

ሰው ሳቀ። ጠናም ሳቀ። ትርፊት ብቻ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቆማ አየችው። «አንተ ሰው፣ ሣራስ?» አለችው።

ያኔ ነው ጠና ሳቁን ያቋረጠው። ሣራ! ቀጥቃጭ ያለው ሰውዬ የወለዳት ሣራ! ሮጦ ቃሉን ሊመልስ ፈለገ፤ ግን ከአፍ የወጣ ነገር ማን መለሰው? ሻይው ሳይቀዘቅዝ ወሬው ዳኘ ቤት ደረሰ። ዳኘም በማግሥቱ ሰው ላከ። «አባቶቿ እንደተገኙ ሰማሁ፣ ጎሳችን አለመሆኗን አወቅሁ፣ በሬውን ልመልስ ብዬ ነበር። የቀጥቃጭ ልጅ ግን ወደ ቤቴ አላስገባም» አለ።

ሣራ አልጮኸችም። ጠና አጠገብ መጥታ ቆመች፤ ዓይኗ ደርቋል።

«አባቴን ልትሰድብ ብለህ እኔን ሰደብከኝ» አለችው። «አምላክ ይስጥልኝ፣ አቶ ጠና።»

አቶ ጠና! ጥፊ ብትመታው ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራት ታቀርባለች፣ እጅ ታስታጥባለች፣ «አቶ ጠና» ትላለች። አስናቀችም አትናገረውም። ኢንጂነሩ ቁፋሮው አልቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሣራ አንድ ቀን ለእናቷ «ስሞቹን ይዣቸዋለሁ፤ ግን ምን ዋጋ አለው» ስትል ጠና ሰማት። እውነቷን ነው፤ በጋብቻ ወግ ልጅ ራሷን አትቆጥርም። የሚድራት ሰው ቆሞ ይቆጥርላታል። ቆጣሪዋ ደግሞ ማን ሊሆን ነው? ኃይለመለኮት እንደሆነ «ኧረ እኔ የፈረንጅ ስም የት ይዤ!» ብሎ እጁን አራግፏል።

ጠና በስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ። ጉዱ እዚያ ነው። ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ስቴቫን፣ ዮቫን፣ ፔታር ይላል መኪናው። ኪስ ሲሰፋ ኢልያ፣ ኮሌታ ሲሰፋ ቩክ። አንድ ቀን የሰማቸው ስሞች ከቅናቱ የተነሳ አእምሮው ውስጥ ተቸንክረው አልወጣ አሉት። የሚወዱትን ሰው መርሳት ይቻል ይሆናል፤ የቀኑበትን ግን ማን ረስቶ! ጥቂት ቀን እንዲህ ነገሩን ሲያብሰለስል ከረመና አንድ ቅዳሜ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፈነ። አስናቀችንና ሣራን ተከተሉኝ አላቸው። ዳኘ ቤት ሄደ፤ ሽማግሌዎቹን አስጠራ።

ወንዶቹ በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኑ። ጠና መሃል ላይ ቆመ። ኮት አልለበሰም፤ ልብስ ሰፊ ሆኖ ደህና ኮት የለውም።

«ሣራን ልቆጥር መጣሁ» አለ።

«በማን?» አለ ዳኘ ቆጣ ብሎ።

«ሣራ የሚሎራድ» አለ ጠና። ያንን ስም በአፉ ጠርቶት አያውቅም ነበር፤ «ያ ሰውዬ» ነበር የሚለው። «ሚሎራድ የስቴቫን። ስቴቫን የዮቫን። ዮቫን የፔታር። ፔታር የኢልያ። ኢልያ የቩክ። ቩክ የራዶቫን።»

አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ትንፋሿን ስትውጥ ተሰማ።

«ራዶቫን ቀጥቃጭ ነበር» አለ ጠና። «እውነት ነው። በአገሩ ግን የተከበረ ቀጥቃጭ ነበር፤ ልጆቹ ስሙን የያዙት ስለኮሩበት ነው። ይህንንም ፈረንጁ በዚያው ቀን ነግሮኛል። እኔ ግማሹን ትቼ ግማሹን ይዤ ሻይ ቤት ሄድኩ።»

«ለምን?» አለ ዳኘ።

ጠና መሬት መሬት አየ። «ቀናሁ፣ ጋሼ። ሃያ ዓመት ቀናሁ። የሙሽራ ኮቱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ በርጩማ ላይ ወጥቼ። አስናቀችን ወሰደ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ልጄን ሊወስድ መጣ፤ አልቻልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ ላይ አታድርጉት።»

 ከጥግ አንድ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ አጉተመተሙ። «ሰባተኛው ቀጥቃጭ ከሆነ ምናለበት? የኛ ሰባተኛ ከብት ሌባ ነበር ይባል የለ እንዴ?»

ሳቁ ፈነዳ። ዳኘ ሊቆጣ ብሎ እሱንም ሳቅ አመለጠው። ከዚያ ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ ከዘራውን መሬት ላይ መታ። «ሰባት ተቆጥሯል። ከኛ ጋር የሚነካካ የለም። በሬውን እመልሳለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሣራ በጠና አትቆጠርም።»

ያቺ ቃል እንዴት ከበደች! ጠና ሲመጣ ያውቃት ነበር፤ ሊሰማት ነው የመጣው። በሃያ ዓመት ያልረታው ሙት በመጨረሻ አንድያ ልጁን ከእቅፉ ወሰደበት፤ የሰጠውም ራሱ ነው። ወደ በሩ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አለ ዳኘ። «ተቀመጥ! የልጅቱ ተቆጠረ፤ የልጁስ?»

«የጴጥሮስን እርስዎ ይቆጥሩ እንጂ።»

«ጉሮሮዬ ደርቋል» አለ ዳኘ፤ ምራቁን እንኳ አልዋጠም፣ የሽማግሌ ነገር! «አንተው ቁጠርልኝ። የቤቱ ሰው አይደለህም እንዴ?»

ጠና እንደ ደከመው ሰው ጀመረ። «ጴጥሮስ የዳኘ። ዳኘ የሀንዲሶ። ሀንዲሶ የኤርሲዶ። ኤርሲዶ የላምቤ...»

ቆመ።  ኤርሲዶና ኤርቲሮ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም የላምቤቦ ልጆች። ይህን ከሕፃንነቱ ያውቀዋል፤ ግን ቅናት የት አሳስቦት! ከሣራ ሆድ የሚወለደው ልጅ በአባቱ ሲቆጠር ወዴት ይወጣል? ወደ ላምቤቦ! ልጅ አጥቶ ከእሱ ጋር ያበቃል ያለው የቤቱ ቁጥር፣ በሣራ ልጅ አፍ ሊቆጠር ነው። እሷ የጠና ልጅ ሆና ብትቀር ኖሮ ሌላ ጎሳ ታገባ ነበርና ይህ አይሆንም ነበር። ዳኘን አየው፤ ዳኘ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ።

«ቀጥል እንጂ፣ አና» አለች ሣራ። «ላምቤቦ ጋ ስንደርስ እናጨበጭብ የለ?»

ሰርጉ ዳኘ ቤት ሆነ፤ የቡላው አተካና በቅቤ ታሽቶ ቀረበ። የሙሽራውን ኮት ጠና ሰፋው። ጴጥሮስ አጭር ስለሆነ በርጩማ አላስፈለገም፤ ይህም ደስ አሰኘው።

ዛሬ የሣራ ልጅ አፍ ፈትቷል። ታኅሣሥ አሥር ቀን ጠና ሾኔ መሄዱን ትቷል፤ ከሕፃኑ ጋር ዳቦውን ይዞ ያዞራል። ሻማው ሲበራ ግን ያ የማር ወለላ ዓይን ከሕፃኑ ፊት ላይ ትክ ብሎ ያየዋል። ጠና ያኔ ድብን ይላል፤ አመሉ ነው፣ አይተወውም። ሕፃኑን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና በሆዱ ወደ መቃብሩ ዞሮ «ዓይኑን ውሰድ እሺ» ይለዋል። ከዚያ ጮክ ብሎ «በል ቁጠር» ይላል፤ ልጁም እየተኮላተፈ ላምቤቦ ጋ ሲደርስ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚያጨበጭበው ጠና ነው።